ሁለት ዓይን በአንድ ጎን

ዓሣን ከፎቶ ለይቶ ስሙን የሚናገር ሶፍትዌር ላይ እሠራለሁ። ደንበኛው ውጭ አገር ነው። ጠላቂዎችና ዓሣ አጥማጆች ፎቶ ይልካሉ፣ ሞዴሉ ዝርያውን ይገምታል፣ እኛ ደግሞ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን ግምቱ የት የት ላይ እንደሚበላሽ እንፈልጋለን። ከመካከላችን ባሕር ያየ አንድም ሰው የለም። አንዱ ልጅ "ጅቡቲን በአውሮፕላን መስኮት አይቻለሁ" ይላል፤ እሱን አንቆጥረውም።

ሞዴሉ በአብዛኛው ጎበዝ ነው። ጭራዋ ብቻ የወጣላትን ዓሣ እንኳ አይስትም። ጠፍጣፋ ዓሣ ሲመጣበት ግን ይቀባጥራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ "ፎቶው ላይ ዓሣ የለም" ይላል። መጀመሪያ ላይ እኔም ፎቶውን አይቼ ከሞዴሉ ጋር ተስማማሁ። አሸዋ ነው። ትንሽ ቆይቼ ሳየው አሸዋው ሁለት ዓይን አለው።

ጠፍጣፋ ዓሣ ስል ዝም ብሎ የቀጠነውን ማለቴ አይደለም። ቆሮሶም እኮ ጠፍጣፋ ነው፤ ሳህን ላይ ልክ ይተኛል። ሐይቁ ውስጥ ግን ቆሞ ነው የሚዋኘው፣ ጀርባው ወደ ላይ፣ ሆዱ ወደ ታች። እኔ የምላቸው ዓሦች በሕይወት እያሉ በአንድ ጎናቸው ተኝተው የሚኖሩ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደ ላይ በዞረው ጎን ላይ የተቀመጡ ናቸው። በዓለም ላይ ከ700 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። የቀዝቃዛ ባሕሮቹ ሃሊበት ከሰው ይረዝማል፤ ቀይ ባሕር ውስጥ ያሉት ግን ብዙዎቹ ከስንዝር እምብዛም አያልፉም።

ያደግኩት ወርቃ ነው፤ ጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ። ቡና የምትገዙ ከሆነ ስሟን ከረጢት ላይ አይታችሁት ይሆናል። እዚያ ሁሉም ነገር ቁመት አለው። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከዚያ በታች ቦይና ጎመን፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የረገፈው ቅጠል። (ዩኔስኮ በ2023 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ ይምታቱብኛል።) ባሕርን የማውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነው። ዓሣን ደግሞ ዲላ ስንወርድ፣ ተልትሎ ዘይት ውስጥ ከተጠበሰ በኋላ። ስለዚህ አንድ ዓሣ ዓይኑን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው ያዞራል ብሎ የሚነግረኝ አስተማሪ አልነበረኝም። ቢነግረኝም ያቺን ሰዓት የማስታውሳት እንደ ቀልድ ይሆን ነበር።

ሞዴሉ ለምን እንደሚቀባጥር ያገኘሁት ኮዱ ውስጥ ነው። ከእኛ በፊት የሠራው ሰው ከፕሮጀክቱ ከወጣ ቆይቷል፤ የተወልን ኮድ ግን ንጹሕ ነበር። ይህን ሥራ የማታውቁት ካላችሁ፦ ሞዴል ለማሠልጠን ብዙ ፎቶ ያስፈልጋል፣ ፎቶ ደግሞ ሁሌም ያንሳል። ስለዚህ ያለውን እናባዛለን። አንዱ ቀላል ዘዴ ፎቶውን እንደ መስታወት ማገላበጥ ነው። ወደ ቀኝ የምታይ ድመት ወደ ግራ ብታይም ድመት ናት፤ አንዱ ፎቶ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ለድመት ይሠራል፣ ለመኪና ይሠራል፣ ለቆሮሶም ይሠራል።

ለጠፍጣፋ ዓሣ ግን አይሠራም። እነዚህ ዓሦች ቀኝና ግራ አላቸው። አንዳንዱ ቤተሰብ ሁለቱም ዓይኖቹ በቀኝ ጎኑ ናቸው፤ ሌላው ቤተሰብ በግራ። ጥቂት ዝርያዎች ሁለቱንም ይቀላቅላሉ እንጂ በአብዛኛው ዓሣው የማን ወገን እንደሆነ የምታውቁት ከዚያ ነው። የቀኙን ዓሣ ፎቶ ስትገለብጡት ሌላ ፎቶ አላገኛችሁም፤ በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ ፈጠራችሁ። የእኛ ሞዴል እንዲህ ያሉ የሌሉ ዓሦችን በሺዎች አይቶ ነው ያደገው። መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፦ ለእነዚህ ቤተሰቦች አትገልብጥ። መስመሩን ጻፍኩና ተገላገልኩ። ዓሣው ግን አልለቀቀኝም።

ጫጩቱ ከእንቁላል ሲወጣ እንደማንኛውም ዓሣ ነው። አንድ ዓይን በቀኝ፣ አንድ ዓይን በግራ። ቀጥ ብሎ እየዋኘ ከባሕሩ ወለል ርቆ፣ ከላይ ከሚንሳፈፉት ጥቃቅን ነገሮች ጋር ይኖራል። ከዚያ እንደየዝርያው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ አንደኛው ዓይን መጓዝ ይጀምራል። የራስ ቅሉ አጥንት እየተበላና እንደገና እየተሠራ መንገድ ይለቅለታል፤ ዓይኑ በግንባሩ ጫፍ ዞሮ ከጓደኛው ጎን ይቀመጣል። ዓሣው በዚያው ያጋድላል። ከላይ የሆነው ጎን ቀለም ያወጣል፣ ከታች የሆነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሌሎች ዓሦችን የሚያንሳፍፋቸው የአየር ከረጢት በአብዛኞቹ ላይ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ መንሳፈፍ ችግር ነው እንጂ ጥቅም የለውም። አፉ ግን ሙሉ በሙሉ አይዞርም። ለዚህ ነው ፊታቸው ሁሌም ጠማማ የሆነው፤ የሆነ ነገር አሽተው ያልወደዱ ይመስላሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስጀምረው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ተመራማሪዎች ለጫጩቶቹ ሆርሞኑን ሲጨምሩላቸው ለውጡ ይፈጥናል፤ ሲያግዱባቸው ዓይኑ ካለበት አይነቃነቅም። ይህን ሳነብ ዝም ብዬ አንገቴን ነካሁ። ታይሮይድን ወርቃ ውስጥ በሌላ ስሙ ነው የምናውቀው፦ እንቅርት። ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። አዮዲን በባሕር ውስጥ ሞልቷል፤ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ያጠበው ደጋ ላይ ግን ያንሳል። የሰፈራችን አሮጊቶች ሻሽ አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ለብርድ ብቻ አልነበረም። በዓሣው ግንባር ላይ ዓይን የሚያስኬደውና በእነሱ አንገት ላይ የጎደለው ነገር አንድ ነው።

የዓይኑ ጉዞ በአንድ ወቅት ትልቅ ጠብ አስነሥቶ ነበር። በ1871 ሴንት ጆርጅ ማይቫርት የሚባል እንግሊዛዊ ዳርዊንን በዚህ ዓሣ ሞገተው። ለውጥ ቀስ በቀስ የሚመጣ ከሆነ፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ሳለ ለዓሣው ምን ይጠቅመዋል? ሙሉ በሙሉ ካልተሻገረ አሁንም አሸዋውን ነው የሚያየው። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ዳርዊን በ1872 ባሳተመው የመጽሐፉ ስድስተኛ እትም ላይ መልስ ለመስጠት ተገዷል። ትንንሾቹ ዓሦች በጎናቸው ሲተኙ የታችኛውን ዓይን ወደ ላይ ለማየት እንደሚያጣምሙት ሌላ ሰው የታዘበውን ጠቀሰ። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ዓሣ ግን ማንም አላሳየም።

ዓሣው የተገኘው በ2008 ነው፤ ለዚያውም ባሕር ውስጥ ሳይሆን ሙዚየም ውስጥ። ማት ፍሪድማን የሚባል ተመራማሪ ከጣሊያኑ ሞንቴ ቦልካ የወጡ፣ ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ የድንጋይ ቅሪቶችን እንደገና መረመረ። አንደኛው ቪየና ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው። ያደጉ ዓሦች ናቸው፣ ግን አንዱ ዓይናቸው ወደ ላይ ወጥቶ ግንባሩን ሳይሻገር ቆሟል። ግማሽ መንገድ። እንደዚያም ሆነው ኖረዋል፣ በልተዋል። ዛሬ ቀይ ባሕር ውስጥ ጭምር የሚገኘው ሴቶደስ የሚባለው ወገን ሙሉ በሙሉ ያልተሻገረ ዓይን አለው። ዓይኑ ከግንባሩ ጫፍ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ቆሞ ይዋኛል።

እኔን የገረመኝ ማን አሸነፈ የሚለው አይደለም። ሙያዬ ሲስተም መጠገን ነው። ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሲስተም አይዘጋም። "ለስድስት ወር ዘግተን እንደ አዲስ እንጻፈው" የሚል ልጅ በየቢሮው አለ፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ የተመረቀ ነው። ዲዛይኑ ሲታይ ያምራል። ባንኩ ግን ነገ ጠዋት ይከፈታል፣ ስለዚህ ሲስተሙን እየሮጠ ነው የምትቀይሩት፣ አሮጌው ላይ እየቀጠላችሁ። ውጤቱ አፉ ጠማማ ይሆናል። ከባዶ የሚጀምር መሐንዲስ የባሕር ወለል ላይ የሚተኛ ዓሣ ሥሩልኝ ቢባል በሆዱ የሚተኛ ነው የሚሠራው፤ እንደ ስቲንግሬይ፣ ቀኝና ግራው እኩል። ይህኛው ግን ቆሞ ይዋኝ የነበረ ነው፣ ያም አካሉ ላይ ተጽፏል። እያንዳንዱ ጫጩት ያንን ለውጥ በራሱ ራስ ቅል ላይ፣ እየበላና እየሸሸ፣ አንድም ቀን ሳይዘጋ ያልፍበታል።

ከእነዚህ ዓሦች ውስጥ አንዱን ከሁሉ አስበልጬ ወድጄዋለሁ። ሳይንሱ ፓርዳኪሩስ ማርሞራተስ ይለዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሙሴ ስም ይጠሩታል፤ ዕብራይስጡም "የመምህራችን የሙሴ ዓሣ" ይለዋል። ግብፅ ውስጥ የዚህ ወገን ዓሦች ገበያ ላይ የሚሸጡት "ሰማክ ሙሳ" በሚል ስም ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል ይህ ዓሣ በመሃል ላይ ነበር፤ እሱም አብሮ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስለዚህ ግማሽ ዓሣ ነው፣ አንዱ ጎኑ ባዶ። ዘጸአት ላይ የለም፤ አጥማጆች የጨመሩት ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ያንን ባሕር ቀይ አይለውም፤ የኤርትራ ባሕር ነው የሚለው። ልጅ ሆኜ ሲነበብ ስሰማ ሙሴ የተሻገረው አስመራ አካባቢ ይመስለኝ ነበር።

ዓሣው ቢበዛ 26 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ቡናማና ግራጫ፣ ነጠብጣብና ቀለበት የበዛበት፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በኮራል አጠገብ ባለ አሸዋ ውስጥ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ይቀበራል። ዓይኖቹ በቀኝ ጎን ናቸው። ጎረቤቱ፣ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830 ከቀይ ባሕር የመዘገበው ነብርማው ጠፍጣፋ ዓሣ ደግሞ ግራኝ ነው። ይህ ሩፔል ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊ ነው፤ የጣና ዓሦችንም መዝግቧል።

የሙሴ ዓሣን ምስጢር ያወጣችው ዩጂኒ ክላርክ ናት (1922–2015)። ቀይ ባሕርን ከ1951 ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዳህላክ ደሴቶች ዳርቻ ስላሉ ዓሦች ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር የጻፈችው ጥናትም በ1968 ታትሟል። ዳህላክ ያኔ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ የኤርትራ ነው። አንድ ቀን ይህን ዓሣ በእጇ ስትይዘው ከክንፎቹ ሥር ነጭ ወተት ፈሰሰ፤ ጣቶቿን ጨመደዳቸው። ከጀርባውና ከሆዱ ክንፎች ሥር ከ200 በላይ እጢዎች ተደርድረዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤላት ላይ ዓሣውን ሻርክ ወዳለበት ገንዳ አስገባችው። ሻርኩ አፉን ከፍቶ መጣ፣ ሊነክሰው ሲል መንጋጋው እንደተከፈተ ቀረ፣ ራሱን እያወዛወዘ ሸሸ። አሸዋ ላይ የተኛው ዓሣ ምንም አልሆነም።

ከወተቱ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር በኋላ ፓርዳክሲን ተባለ፤ 33 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። የሴልን ሽፋን ይበሳል። ማለትም እንደ ሳሙና ነው የሚሠራው፤ ይህ ማጋነን አይደለም። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች "ሳሙና ከሆነ ተራ ሳሙናስ?" ብለው ሞከሩና በሻምፖና በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ሻርክን እንደሚያባርር አገኙ። ታዲያ ጠላቂዎች ለምን አይቀቡትም? ምክንያቱም ባሕሩ ያቀጥነዋል። ሻርኩ አፍ ውስጥ ካልገባ አይሠራም። ዓሣው የሚሳካለት ወተቱን የሚለቀው መነከሻው ሰዓት ላይ፣ የጠላቱ አፍ ውስጥ ሆኖ ስለሆነ ነው። ይህን ደግሞ ሰው ምርት አድርጎ አይሸጠውም።

እናቴ በስልክ ምን እየሠራሽ ነው ስትለኝ ስለዚህ ዓሣ ነገርኳት። በአንድ ጎኑ ተኝቶ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

"ታዲያ የተኛበት ጎን አይቆስልም?"

አያቴ ከመሞቷ በፊት አሥራ አንድ ወር አልጋ ላይ ነበረች። እናቴ ቀንም ሌሊትም እየተነሣች ታገላብጣት ነበር፤ ጎረቤቶች ሲተኩዋት እንኳ አታምናቸውም። ስለ ጎን መተኛት ከማንም ባዮሎጂስት በላይ ታውቃለች። የእሷን ጥያቄ ያህል ጥሩ ጥያቄ ቢሮአችን ውስጥ ማንም አልጠየቀም። አይቆስልም እማዬ፣ ውኃው ይሸከመዋል፣ እዚያ ውስጥ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ደግሞም ሲፈልግ እየተሞዠቀ ይሄዳል አልኳት። "እግዜር ሲያውቅ" አለችና ስለ ቡና ዋጋ ማውራት ጀመረች።

በመደበቅ ጉዳይ እስስትን ነው የምናውቀው፤ ለሚለዋወጥ ሰውም ስሟን ሰጥተነዋል። ስሟ በከንቱ ነው የጠፋው። እስስት ቀለሟን የምትቀይረው በአብዛኛው ለጓደኞቿ ስሜቷን ለማሳየትና ለሙቀት ነው፤ የቆመችበትን ለመምሰል አይደለም። ጠፍጣፋ ዓሣ ግን በእርግጥ የተኛበትን ይመስላል። በ1996 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ የሐሩር ክልል ጠፍጣፋ ዓሦችን የተለያየ ንጣፍ ላይ አድርገዋቸው ከ2 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ንጣፉን መሰሉ፤ የዳማ ሰሌዳ ላይ እንኳ ሲያስተኟቸው ለመምሰል ሞክረዋል። የሚያዩት በእነዚያው በተሻገሩት ዓይኖች ነው።

አሁን ስለ ባሕር ማውራት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሻይ ቤት ውስጥ "ባሕር" ብላችሁ ብትጀምሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ወደብ ላይ ትደርሳላችሁ፣ በአራተኛው ደግሞ ሰው ይቆጣል። በክርክሩ አልገባም። የሚገርመኝ ቃሉ ነው። "የባሕር በር" ነው የምንለው። ከ1993 ወዲህ የተወለድነው ልጆች ባሕርን የምናውቀው እንደ በር ነው፤ ዕቃ የሚገባበት፣ የተዘጋ ወይም የተከፈተ። በሩ ላይ ማን ይኖራል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም፣ እኔም ይህ ሥራ እስኪመጣ ማንንም አልጠየቅኩም። የሙሴ ዓሣ የሚፈልገው ጥቂት ክንድ ውኃና የላላ አሸዋ ነው። ሽሪምፕ አጥማጅ መርከብ ወለሉን የሚጠርግ መረብ ሲጎትት አብሮ የሚወጣውም፣ ከዚያ ወደ ባሕር የሚጣለውም እንዲህ ያለው ትንሽ ዓሣ ነው። ለመርከቡ ዕቃ አይደለም። ለወደቡም አይደለም።

ለነገሩ ባሕሩ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሞላው ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ኮራሉ ዛሬም አፋር ውስጥ ደርቆ ቆሟል፣ ከባሕር ጠለል በታች፣ ዙሪያውን እንደ አጥር። ውኃው ተንኖ ጨው ሆነ። ያ ጨው አሞሌ ሆኖ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቷል። ዲላም ያለችው በዚያው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው፤ ስንጥቁ አፋር ላይ ከቀይ ባሕር ጋር ይገናኛል። እናቴ ጎመን ላይ የምትጨምረው ጨው ባሕር ነበር። ይህን ስነግራት ግን የዓሣውን ያህል አልደነቃትም።

ዳታቤዛችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ዝርያ "የአካባቢ ስም" የሚል ዓምድ አለ። የሙሴ ዓሣ ጋ ዕብራይስጡ ተሞልቷል፣ ዓረብኛው ተሞልቷል። አማርኛ ባዶ ነው፣ ትግርኛም ባዶ፣ አፋርኛም ባዶ። "የሙሴ ዓሣ" ብዬ ልሞላው እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን ያ ትርጉም ነው፣ ስም አይደለም፤ ወርቃ ውስጥ ያደገች ልጅ ለባሕር ዓሣ ከቢሮ ስም ማውጣት የለባትም። ባዶውን ተውኩትና የሥራ ዝርዝራችን ላይ ጥያቄ ከፈትኩ፤ እስካሁን እንደተከፈተ ነው። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። አሰብ የሠራ አባት፣ ምጽዋ የኖረች አክስት፣ የባሕር ኃይል የነበረ ጎረቤት ያላችሁ ካላችሁ እስኪ ጠይቁልኝ፦ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ስትራመዱ አሸዋው ከእግራችሁ ሥር ድንገት ተነሥቶ የሚሄድበት ያ ዓሣ፣ እነሱ ምን ይሉት ነበር?